ሐድሰን ዳር ያለው አረንጓዴ ጣቢያ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1907 በሐድሰን ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከማንሃተን ትይዩ በምትገኘው ሆቦከን ከተማ፣ የሆቦከን ተርሚናል የተባለው መዳብ የለበሰ ትልቅ ሕንፃ ሥራ ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የተሠራው ከኒው ጀርሲና ከዚያም ወዲያ ካሉ ግዛቶች በባቡር የሚመጣውን ሕዝብ ተቀብሎ በጀልባ ወደ ኒው ዮርክ ለማሻገር ነበር። ልክ በዓመቱ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1908፣ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ዋይት ሐውስ ሆነው አንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ በወንዙ ሥር በተቆፈረው ዋሻ ውስጥ በማንሃተንና በሆቦከን መካከል የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ተንቀሳቀሰ። የዋሻው የሆቦከን ጣቢያ ያለው እዚያው ተርሚናሉ እግር ሥር ነው። ለጀልባ ተብሎ የታነጸው ቤት አንደኛ ዓመቱን በያዘበት ቀን፣ ያለ ጀልባ መሻገር የሚያስችል መንገድ ከበታቹ ተከፈተ።

ሕንፃው ግን ዛሬም ቆሟል። ዛሬም ባቡር ይገባበታል፣ ዛሬም ጀልባ ከደጁ ይነሣል። በኒው ጀርሲ ዳርቻ በአንድ ዘመን ተሰልፈው ከነበሩት አምስት ትልልቅ የባቡርና የጀልባ ጣቢያዎች ሥራውን ሳይለቅ እስከ ዛሬ የዘለቀው እሱ ብቻ ነው። ታሪካዊ ሕንፃዎች ለምን እንደሚፈርሱ ብዙ ተጽፏል። እንዴት እንደሚተርፉ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ የመትረፋቸው ታሪክ ከፍቅር ይልቅ ችግርና አጋጣሚ የሚበዛበት ስለሆነ ይመስለኛል። የሆቦከንን ተርሚናል ለመመልከት የፈለግሁትም በዚህ ዓይን ነው።

ነገሩ ከወንዙ ይጀምራል። ሐድሰን ኒው ዮርክ ሲደርስ ስፋቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጥልቅ ነው፤ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር አብሮ ይሞላል፣ አብሮ ይጎድላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ላይ ድልድይ የሠራ የለም። በ1870ዎቹ የተጀመረው የዋሻ ቁፋሮም በ1880 በደረሰ አደጋ 20 ሠራተኞች ሞተውበት ለብዙ ዓመታት ተጓተተ፤ በ1908 ባቡር ያለፈበት ዋሻ ያ ሥራ ነው፣ ከስንት ውጣ ውረድ በኋላ ሲጠናቀቅ። እስከዚያ ድረስ ከምዕራብ የሚመጡት የባቡር ኩባንያዎች ሐዲዳቸውን እስከ ውሃው ጠርዝ ያደርሱና እዚያ ይቆማሉ። የቀረው ጉዞ የጀልባ ነው። ፔንስልቫንያ፣ ኢሪ፣ ኒው ጀርሲ ሴንትራል፣ ዌስት ሾርና ላካዋና እያንዳንዳቸው በወንዙ ዳር የየራሳቸውን ጣቢያ ሠሩ፤ የየራሳቸውን ጀልባም አሰማሩ። በኤሊስ ደሴት በኩል ወደ አሜሪካ የገባው ብዙ ስደተኛ ወደ መሀል አገር የዘለቀው ከእነዚህ ጣቢያዎች ተሳፍሮ ነው።

በሆቦከን ጀልባው ከባቡሩ በብዙ ይቀድማል። ከአሜሪካ የነፃነት ጦርነት በኋላ፣ በ1784፣ ኮሎኔል ጆን ስቲቨንስ የተባለ ሰው ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ከነበረ ባለርስት የተወረሰውን ይህን መሬት በጨረታ ገዛው። ስቲቨንስ ልቡ በእንፋሎት የተማረከ ሰው ነበር። በ1811 ‹ጁሊያና› የተባለችውን የእንፋሎት ጀልባ በሆቦከንና በኒው ዮርክ መካከል አሰማራ፤ በዓለም የመጀመሪያዋ መደበኛ የእንፋሎት ማሻገሪያ ተብላ የምትጠቀሰው እሷ ናት። ዕድሜዋ ግን አጭር ሆነ። የኒው ዮርክ ግዛት በውሃዎቹ ላይ በእንፋሎት የመጓዝን መብት ለሮበርት ፉልተንና ለሮበርት ሊቪንግስተን ብቻ ሰጥቶ ስለነበር ስቲቨንስ ፈረስ እየዞረ ወደሚያንቀሳቅሰው ጀልባ ለመመለስ ተገደደ። ያን ብቸኛ መብት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1824 ጊቦንስና ኦግደን በተከራከሩበት ታዋቂ መዝገብ ሻረው፤ ውሃውም ለሁሉም ክፍት ሆነ። በዓመቱ ስቲቨንስ ሆቦከን በሚገኘው ግቢው ውስጥ በክብ ሐዲድ ላይ የምትዞር የእንፋሎት ባቡር ሠርቶ አስኬደ። በአሜሪካ ተሠርታ በሐዲድ ላይ የሄደች የመጀመሪያዋ የእንፋሎት ባቡር ተብላ ትቆጠራለች። ጀልባና ባቡር በዚህ መሬት ላይ የተገናኙት ተርሚናሉ ከመታሰቡ ከ80 ዓመት በፊት፣ በአንድ ሰው እጅ ነው።

ላካዋና በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የባቡር ኩባንያ ሆቦከን የገባው በ1868 የሞሪስና ኤሴክስን መስመር በኪራይ ሲይዝ ነው። ሀብቱ ከፔንስልቫንያ የሚወጣው አንትራሳይት የተባለው ጠንካራ የድንጋይ ከሰል ነበር። ይህ ከሰል ጭሱ ጥቂት ነው። ኩባንያው ይህንኑ ለማስተዋወቅ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ፊቢ ስኖው የምትባል ምናባዊ ወይዘሪት ፈጠረ፤ በላካዋና ረጅም መንገድ ተጉዛ ቀሚሷ ሳይጠቁር ትወርዳለች። በ1899 ኩባንያውን መምራት የጀመረው ዊሊያም ትሩስዴል የከሰሉን ገንዘብ ወደ ግንባታ አዞረው። ጠመዝማዛ መስመሮችን አቀና፤ ሸለቆዎችን በኮንክሪት ድልድዮች ተሻገረ፤ የጀልባውንም ሥራ ገዝቶ ከባቡሩ ጋር አንድ አደረገው። ኦገስት 7 ቀን 1905 ‹ሆፓትኮንግ› በተባለች ጀልባ ላይ የተነሣ እሳት ወደ አሮጌው ጣቢያ ተዛምቶ አወደመው። ትሩስዴል ገንዘቡም ፍላጎቱም ነበረው፤ ቦታውን ደግሞ እሳቱ አጸዳለት።

አዲሱን ጣቢያ የነደፈው ኬኔት መርቺሰን ነው። በ1872 ኒው ዮርክ የተወለደ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ከዚያም ፓሪስ ኤኮል ደ ቦዛር የሠለጠነ አርክቴክት ነበር፤ በኋላ የስክራንተንን፣ የባልቲሞርንና የበፋሎን የባቡር ጣቢያዎች ሠርቷል። የቦዛር ተማሪ ሕንፃን የሚያስበው ከወለሉ ፕላን ነው። ሰው ከየት ይገባል? ገብቶ ምን ያያል? በየት ይወጣል? በሆቦከን ይህ ጥያቄ በጣም የከበደ ነበር። ጠዋት ጠዋት በባቡር የደረሰው ሕዝብ ሳይጠላለፍና ሳይዘገይ ወደ ጀልባው መፍሰስ አለበት፤ ማታ ደግሞ ያው ሕዝብ በተቃራኒው። ከዚህ ላይ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪና ዕቃው አለ፤ የከተማው ትራም አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመሬት በታች የሚመጣው ባቡር አለ። የመርቺሰን ትልቁ ችሎታ የሚታየኝ ከጌጡ በፊት እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ መሬት ላይ ይቆማል። ጋሪው በምድር ቤቱ በኩል ወደ ጀልባው የታች ወለል ይገባል። እግረኛው በሰፊ ደረጃ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ በወንዙ ፊት ለፊት በተዘረጋው ረጅም አዳራሽ ይሄድና በቀጥታ ወደ ጀልባው የላይ ወለል ይሻገራል። ሰውና ፈረስ አይጋፉም።

ሕንፃው የክብር ፊቱን የሰጠው ለከተማው ሳይሆን ለወንዙ ነው። ከከተማው በኩል የሚመጣ ሰው ጎኑን ያያል፤ ሙሉ መልኩን የሚያየው ውሃ ላይ ያለ ሰው ነው። በወንዙ ፊት ስድስት የጀልባ መግቢያዎች ጎን ለጎን ተከፍተዋል፤ በላያቸው ቅስቶች፣ ዓምዶችና ቅርጽ የወጣላቸው ጌጦች ተደርድረዋል። ከሩቅ ሲያዩት የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል። ሲቀርቡት ግን ሁሉም መዳብ ነው፤ በብረት አጽም ላይ የተነጠፈ፣ እንደ ድንጋይ ቅርጽ እየተቀጠቀጠ የተበጀ ስስ መዳብ። ምርጫው ከውበት ያለፈ ምክንያት አለው። በእሳት ማግሥት የሚሠራ ቤት እንጨት አይለብስም። ውሃ ላይ፣ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ የሚያርፍ ቤት ደግሞ የድንጋይ ግድግዳ ባይጭን ይሻለዋል። መዳብ አይነድም፣ ቀላል ነው፣ የባሕር አየር ሲያገኘው ላዩ ይለወጥና ያ ለውጥ ራሱ ይጠብቀዋል። አዲስ ሳለ ቡናማ የነበረው ሕንፃ ዓመታት ሲያልፉ አረንጓዴ ሆነ። ወንዙን ተከትሎ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው በወደቡ መሀል የቆመውን የነፃነት ሐውልት ያገኛል፤ ያም መዳብ ነው፣ ያም በዚያው አየር ወደዚያው አረንጓዴ ተለውጧል።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ሌላ ነው። የመንገደኞች ማረፊያ አዳራሹ ግድግዳ የኖራ ድንጋይ ነው፤ መብራቶቹና ጌጦቹ ነሐስ ናቸው፤ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች በወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ጣሪያው ላይ ከሉዊስ ኮምፈርት ቲፋኒ የመስተዋት ጥበብ ጋር ስሙ የሚያያዝ ባለ ቀለም መስተዋት ተዘርግቷል። ብርሃኑ ከላይ በመስተዋቱ ተጣርቶ ይወርዳል፤ ባለ ብረት መደገፊያው ታላቅ ደረጃ ከዚህ ብርሃን ወደ ጀልባው ፎቅ ያወጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአየር ድብደባ ይመጣል ተብሎ መስተዋቱ ተጠቁሮ ነበር፤ ጦርነቱ አልቆም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው ቆየ። በዚያ ዘመን በአዳራሹ ያለፈ ተሳፋሪ ከራሱ በላይ ምን እንዳለ ሳያውቅ ሥራ ሄዶ የተመለሰ ነው። በኋላ ጥቁሩ ተነሥቶ፣ ታድሶ፣ ቀለሙ ተመለሰ። ለዕለት ተመላላሽ ሠራተኛ እንዲህ ያለ አዳራሽ የተሠራበትን ዘመን ሳስብ አከብረዋለሁ። የዓመት ትኬት የያዘ የሱቅ ጸሐፊ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እንደ ሚኒስትር በነሐስና በመስተዋት መካከል ያልፍ ነበር።

ከአዳራሹ ወደ ሐዲዶቹ ሲወጡ የሚገኘው ዝቅ ያለ ጣሪያ ዓይን አይስብም፤ በታሪክ ረገድ ግን ከቲፋኒው መስተዋት የበለጠ ተጽዕኖ ያሳደረው እሱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ልማድ ሐዲዶቹን በአንድ ግዙፍ የብረትና የመስተዋት ቅስት መሸፈን ነበር። ሲያዩት ያስደንቃል፤ ነገር ግን የባቡሩ ጭስ ከቅስቱ ሥር ይታፈናል፣ ብረቱን ይበላዋል፣ ጥገናው ማለቂያ የለውም። የላካዋና ዋና መሐንዲስ የነበረው ሊንከን ቡሽ ቅስቱን ትቶ አጫጭር የብረትና የኮንክሪት ጣሪያዎችን በሐዲዶቹ መካከል በቆሙ ዓምዶች ላይ አሳረፈ። ከእያንዳንዱ ሐዲድ በላይ ደግሞ ከጣሪያው ርዝመት ጋር የሚሄድ ክፍተት ተወ። የባቡሩ ጭስ ማውጫ በቀጥታ ከክፍተቱ በታች ስለሚያልፍ ጭሱ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ መንገደኛው ከዝናብም ከጥላሸትም ይድናል። የቡሽ ጣሪያ የተባለው ይህ አሠራር መጀመሪያ የተተከለው በሆቦከን ነው። በርካሽ ይሠራል፣ ለመጠገን አይከብድም፤ ስለዚህ ሌሎች የአሜሪካ ኩባንያዎች ቶሎ ተቀበሉት፣ የታላቁ ቅስት ዘመንም በዚያ አገር አበቃ። የእንፋሎት ባቡር ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ክፍተቶቹ ግን አሉ።

አሁን ስለ ጀልባዎቹ ልናገር፤ ያለ እነሱ ይህ ቤት ትርጉም የለውም። የሐድሰን ማሻገሪያዎች ፊትና ኋላ የላቸውም፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፣ መሪው ክፍልም በሁለቱም በኩል አለ። በዚህ ምክንያት ጀልባው ሳይዞር ገብቶ ሳይዞር ይወጣል። በ1888 የሆቦከን ጀልባ ኩባንያ ‹በርገን› የተባለችውን በሁለቱም ጫፍ በሚሽከረከር መግፊያ የምትነዳ ጀልባ ሲያስገባ፣ በጎን መንኮራኩር የሚቀዝፉት ጀልባዎች ማርጀት ጀመሩ። መግቢያው ከግንድ የተሠራ ነው፤ በሁለት ጎን የተተከሉ ግንዶች ወደ ውስጥ እየጠበቡ ጀልባውን አቅፈው ይመራሉ፣ ሲገጫቸውም ይለጠጡና ይመለሳሉ። ወንዙ ከባሕሩ ጋር ስለሚሞላና ስለሚጎድል የጀልባው ወለል በየሰዓቱ ከፍታው ይለያያል፤ ለዚህ መሻገሪያው ድልድይ በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ ከጀልባው ጋር እኩል እንዲሆን ይነሣል፣ ይወርዳል። ሠራተኛው ድልድዩን ዝቅ አድርጎ ከጀልባው ጋር ያስራል፣ መዝጊያው ይከፈታል፣ ሕዝቡ ይወርዳል፤ ሌላው ሕዝብ ይገባል። በማንሃተን በኩል ባርክሌይ፣ ክሪስቶፈርና 23ኛው መንገድ ላይ የሚያወርዱ መስመሮች ነበሩ። ብዙ የኒው ጀርሲ ቤተሰብ ጋዜጣ የሚያነበው፣ ነፋስ የሚቀበለው፣ ጎረቤቱን ሰላም የሚለው በዚያ የጥቂት ደቂቃ ውሃ ላይ ነበር።

በ1908 የተከፈተው ዋሻ ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አልገደለውም። ዋሻው ጋሪ አያሳልፍም፤ ሕዝቡም ለሁለቱም የሚበቃ ነበር። እንዲያውም የተርሚናሉ ታላላቅ ዓመታት ከዚያ በኋላ ናቸው። በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መንግሥት በከተማው ዳርቻ የነበሩትን የጀርመን የመርከብ ኩባንያዎች ወደቦች ወረሳቸው፤ ሆቦከን የጦሩ ዋና መነሻ ሆነች። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ወታደር ወደ ፈረንሳይ የተሻገረው በዚህ ወደብ ነው። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1930 ደግሞ የ83 ዓመቱ ቶማስ ኤዲሰን ከዚሁ ጣቢያ የተነሣውን የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ባቡር መሪ ያዘ። ላካዋና የዳርቻ መስመሮቹን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር የጀመረበት ቀን ነበር፤ ኤዲሰን ራሱ በዚያው አካባቢ ነዋሪ ነበር፤ በዓመቱ አረፈ።

ጀልባውን የጎዳው መኪናው ነው። ሆላንድ የተባለው የመኪና ዋሻ በ1927 ተከፈተ፤ የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ በ1931፣ የሊንከን ዋሻ በ1937 ተከተሉ። ጋሪና ካሚዮን ከጀልባው ወረደ። ቀጥሎ ተሳፋሪው ራሱ ባቡሩን ትቶ ወደ መኪናውና ወደ አውቶቡሱ ሄደ። የከሰል ገበያም ወደቀ፤ ላካዋናን ያቆመው ገንዘብ ደረቀ። በ1956 ጎረቤቱ የኢሪ ኩባንያ የራሱን የወንዝ ዳር ጣቢያ እየተወ ባቡሮቹን ወደ ሆቦከን ማዛወር ጀመረ፤ በ1960 ሁለቱ ኩባንያዎች ተዋሐዱ። ዛሬም በወንዙ ፊት ከመግቢያዎቹ በላይ ‹ኢሪ ላካዋና› የሚል የመዳብ ጽሕፈት ይነበባል። ኖቬምበር 22 ቀን 1967 ‹ኤልዛቤት› የተባለችው ጀልባ የመጨረሻውን ጉዞ አደረገች፤ በሐድሰን ላይ የባቡር ኩባንያዎች የሚያንቀሳቅሱት ማሻገሪያ በዚያ አበቃ። ስድስቱ መግቢያዎች ባዶ ቀሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ነው እኔን በጣም የሚያሳስበኝ። በወንዙ ማዶ፣ ከፔንስልቫንያ ኩባንያ ዋሻ ጋር በ1910 የተከፈተው፣ ማኪም፣ ሚድና ኋይት የነደፉት ታላቁ ፔን ጣቢያ በ1963 መፍረስ ጀመረ። በጊዜው በአሜሪካ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ ከሚደነቁት አንዱ ነበር። ያፈረሰው ቸልታ አይደለም፤ የቆመበት መሬት ዋጋ ነው፤ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተባለው የስፖርትና የትርኢት አዳራሽ ተተከለበት። የከተማው ሕዝብ በመቆጨቱ በ1965 ኒው ዮርክ የቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣች። ሆቦከን ላይ እንዲህ ያለ ገዢ አልመጣም። በዚያ ዘመን ሆቦከን ሥራ የራቃት፣ መርከቦቿ ወደ ኮንቴይነር ወደቦች የሸሹባት የወደብ ከተማ ነበረች፤ መሬቷን የሚመኝ አልነበረም። ባለቤቱ ኢሪ ላካዋናም ለማደስም ለማፍረስም አቅም አልነበረውም፤ በ1972 አግነስ የተባለው አውሎ ነፋስ መስመሮቹን ከመታ በኋላ ከሰረ። ጎረቤት ጣቢያዎች ሲዘጉ የቀሩት ባቡሮች መግቢያ ያገኙት እዚሁ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ዋሻም ሕዝቡን ወደ ማንሃተን ያደርስ ነበር። በ1908 የጀልባው ጠላት መስሎ የመጣው ዋሻ ጀልባው ከቆመ በኋላ ሕንፃውን በሕይወት ያቆየው ሆነ። በ1973 ተርሚናሉ በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሲሰፍር ጣሪያው የሚያፈስ ነበር፤ በየቀኑ ግን ሰው ይገባበት ነበር።

ይህን ነጥብ ላጠብቀው። ሕንፃን ከመፍረስ የሚጠብቅ ሕግ ያስፈልጋል፤ ያለ ሕግ ብዙ ነገር ይጠፋል። ሰው የማይገባበት ሕንፃ ግን በሕግ ቢጠበቅም ውስጡ ባዶ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ለገሃርን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ያውቀዋል፤ ባቡሩ ከከተማው ዳር ወዳለው አዲስ ጣቢያ ከተዛወረ ወዲህ አሮጌው ሕንፃ ቢቆምም፣ ሻንጣ ይዞ የሚሮጥ ሰው የሌለበት ጣቢያ ጎብኚ ብቻ ሲያየው ይኖራል። ሆቦከን ከዚህ የዳነው ባቡሩ ስላልሄደ ነው። የዳነው ግን በግማሹ ነበር። የባቡሩ ክፍል ሲሠራ የጀልባው ክፍል ተዘግቶ ቆየ፤ የላይኛው ረጅም አዳራሽ ከተሳፋሪ ተለየ፣ ምሰሶዎቹ ውሃ ውስጥ መበስበስ ያዙ።

የሰዓት ማማው ከዚህም ቀድሞ ሄዷል። 225 ጫማ፣ ማለትም 69 ሜትር ገደማ ይረዝም የነበረው ማማ አርጅቶና በማዕበል ተጎድቶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወረደ። በ2007፣ የመቶኛ ዓመቱ ጊዜ፣ የድሮውን መልክ የተከተለ አዲስ ማማ ተተከለ፤ ‹ላካዋና› የሚለው ጽሕፈትም በመዳብ ፊደላት ተመለሰበት፣ ማታ ማታ ይበራል። አንዳንድ የቅርስ ባለሙያዎች የጠፋን ነገር እንደገና መሥራት ታሪክን ማደናገር ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ አልስማማም። ማማው የተሠራው ውሃ ላይ ላለ ሰው ነበር፤ ከማንሃተን የሚመለሰው ተሳፋሪ የትኛው ደጅ የእሱ እንደሆነና ባቡሩ ሊሄድ ስንት ደቂቃ እንደቀረው የሚያውቀው በእሱ ነው። ያ ሥራው እስካለ ድረስ አዲስ መሆኑ አያሳፍረውም። የሚያሳስበኝ ማማው ከመግቢያዎቹ ቀድሞ መታደሱ ነበር።

መግቢያዎቹም ግን ተራቸው ደረሰ። በ1989 አንድ የግል ኩባንያ በሆቦከንና በማንሃተን መካከል እንደገና ጀልባ አሰማራ፤ ኒው ዮርክ ወተርዌይ የተባለው ነው። ለብዙ ዓመታት ጀልባዎቹ የሚያርፉት ከተርሚናሉ ውጪ በጊዜያዊ መትከያ ነበር፤ ታሪካዊዎቹ መግቢያዎች እያዩ። ዲሴምበር 7 ቀን 2011 ጀልባዎቹ ወደ ታደሱት መግቢያዎች ተመለሱ፤ በ1967 ‹ኤልዛቤት› ከወጣች ከ44 ዓመት በኋላ። ዛሬ የሚገቡት ጀልባዎች ከድሮዎቹ ያንሳሉ፤ ሰው እንጂ ጋሪ አይጭኑም። መርቺሰን ግን ሕንፃውን የነደፈው ሐዲዱ አልቆ ውሃው ወደሚጀምርበት ለሚሄድ ሰው ነው፤ ያ ሰው መጥቷል። በ2002 በደቡብ በኩል ቀላሉ የከተማ ባቡር ተጨምሯል፤ አውቶቡሶችም ጎኑ ላይ ያርፋሉ። በአንድ ጣቢያ አምስት ዓይነት መጓጓዣ የሚገናኝበት ቦታ በአሜሪካ ብዙ አይደለም፤ ከአርክቴክቱ የወለል ፕላን ጋር ሲታይ ይህ ጥቂት የሚባል ክብር አይደለም።

ጀልባው በተመለሰ በዓመቱ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2012፣ ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ሐድሰንን ወደ ከተማው ገፋው። በቲፋኒው መስተዋት ሥር ባለው አዳራሽ ውስጥ ውሃው ከ1.5 ሜትር በላይ ቆመ። የታችኛው የዋሻ ጣቢያ ተጥለቀለቀ፤ ሥራ የጀመረው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። የእንጨት ወንበሮቹ ረጥበው አበጡ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ በጨው ውሃ ተበላሹ፤ ከላይ ያለው መስተዋት ዳነ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2016 ደግሞ አንድ የጠዋት ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ የሐዲዱን መጨረሻ ማገጃ ጥሶ ወጣ። መተላለፊያው ላይ የነበረች አንዲት ሴት ሞተች፣ ከ100 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፣ የጣሪያው አንድ ክፍል ተደረመሰ። መርማሪዎቹ አደጋውን በሹፌሩ ላይ ሳይታወቅ ከቆየ የእንቅልፍ ሕመምና ባቡርን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ ካለመኖሩ ጋር አያያዙት።

ከሳንዲ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ሆቦከንንና አጎራባቾቿን ከጎርፍ ለመከላከል 230 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ግድግዳ፣ በጎርፍ ጊዜ የሚዘጉ በሮች፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎችና የማስወጫ ፓምፖች ያሉበት ዕቅድ ነው። ለመኖሪያ ሰፈሮቹ ትክክለኛ ሥራ ነው። ተርሚናሉ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ከውሃው በግድግዳ ቢለዩት ጀልባ መቀበል አይችልም፤ ካልለዩት ውሃው የሚመጣበት መንገድ ያው የተሳፋሪው መንገድ ነው። ስለዚህ ይህን ሕንፃ ማዳን ማለት ሲረጥብ እንዲችለው ማድረግ ማለት ነው፦ የኤሌክትሪኩን ክፍል ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣት፣ በታችኛው ወለል በጨው ውሃ የማይበላሽ ዕቃ መጠቀም፣ የመዳቡን መጋጠሚያዎች በየጊዜው መፈተሽ፣ ምሰሶዎቹን ውሃ ውስጥ ገብቶ ማየት። በዙሪያው ባለው የባቡር ግቢ ላይ ረጃጅም ሕንፃዎች ለመሥራት ሲታቀድ ቆይቷል፤ የሆቦከን መሬት ዛሬ በጣም ውድ ነው፣ በ1967 ያተረፈው ድህነትም አሁን የለም። ከእነዚያ ሕንፃዎች የሚገኘው ገቢ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ምሰሶዎቹ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቀጥሎ በወንዙ ፊት ወዳለው የላይኛው አዳራሽ፣ ከባቡር የወረደ ሰው እንደገና በታላቁ ደረጃ ወጥቶ በዚያ በኩል ወደ ጀልባው እንዲሄድ።